የቀያሹ ኮምፒውተር

«ፓስወርድ አድርጉበትና እንረፍ። አባዬ ከእንግዲህ እንዳይነካው፤ በነካው ቁጥር ያበላሸዋል።»

ፎርማት ይህን የሰማው ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆም ባለበት ነው። የእህቱ በር ገርበብ ብሏል። እህቱ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ስልኳን የምታወራው ድምፁን ለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነው፤ ስለዚህ ሩቅ ከተማ ያለችው ልጇ የምትለውን ሁሉ የደረጃው ጎረቤት በሙሉ ያውቀዋል። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ባለፈው ቅዳሜ አባቷ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ሲነካኩ የመደወያውን ፕሮግራም አጥፍተውባት፣ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችውን ሰዓት ማንንም ሳታይ አሳልፋዋለች። ብትናደድ አይፈረድባትም። ፎርማት ግን የዕቃ ቦርሳውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው በገዛ ቤታቸው፣ ራሳቸው በገዙት ኮምፒውተር ላይ ሊቆለፍባቸው እንደሆነ አሰበ። ይባስ ብሎ ቆልፍ የሚባለው እሱ ራሱ ነው።

ፎርማት የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ኮምፒውተር መጠገኛ አለችው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ፣ ቢግል፣ ድምፅ ቢያጣ የሱ መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ።» ሰፈር ውስጥ ወገቤን አመመኝ ያለ ሰው እንኳ «ለፎርማት አሳየው» እየተባለ ይቀለድበታል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፣ እስከ የዛሬ ስምንት ወር ድረስ። ያኔ የእህቱ ልጅ ካሜራና ማይክራፎን ልካ «አጎቴ፣ የአባዬ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ሲስተም ጫንልኝና እየተያየን እናውራ» ስትለው መጣ፣ ፎቶዎቹንና ፋይሎቹን ሲዲ ላይ ገለበጠ፣ እንደ ልማዱ የነበረውን ሁሉ ጠርጎ ፎርማት አደረገ፣ አዲሱን ጭኖ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ የእህቱ ባል ፊታቸውን ታጥበው፣ መነፅራቸውን ወልውለው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና «ይሄ የማነው?» አሉ። የመርሳት በሽታው ከዚያ በፊት እንደ ጀመራቸው ሐኪሙም እህቱም ደጋግመው ነግረውታል። ፎርማት ግን በሽታውን የሚቆጥረው ከዚያች ጠዋት ነው፤ ከዚህ ሐሳቡ ያነቃነቀው ሰው የለም።

በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ እህቱ ስልኩን ዘግታ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ሰማህ?» አለችው።

«ኧረ አሁን መድረሴ ነው እትዬ።»

«ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም አይደል?»

«አይሠራም።»

ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እሷ መስማቱን አውቃለች፣ እሱም ማወቋን አውቋል። እናታቸው ካረፈች ጀምሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከባድ ከባዱን ነገር ሁሉ የሚያሳልፉት እንዲህ ስለ ሊፍትና ስለ ውሃ መጥፋት እያወሩ ነው። ሽንኩርት ስንት እንደ ገባ ነገረችው፤ ባለፈው ወር በሁለት ኪሎ ዋጋ ዛሬ አንዱን ኪሎ መግዛቷን፣ ሻጩን ስትቆጣው «እማማ፣ እኔ አላበቀልኩትም» ብሎ እንደ መለሰላት። ፎርማት ሳቀ። እሷም ልትስቅ ብላ መለስ አለችና ወደ ሶፋው አየች።

የእህቱ ባል፣ የመሬት ቀያሹ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ግራጫ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ቀኝ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ ጫን አድርገው፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ ይመስላሉ። ያንን ኮት አያወልቁም። እህቱ የምታጥበው እሳቸው እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጠብቃ ነው፤ ያኔም ኪሱ ውስጥ ያለችውን አሮጌ መሐረብ ቀድመው አውጥተው ትራሳቸው ሥር ወሽቀዋት ታገኛለች። ፎርማት ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አሉት፤ አርባ ዓመት «አንተ ማሙሽ» ሲሉት የኖሩትን ሰው። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ እንግዳ ቤት እንደ ተቀመጠ ጨዋ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እመቤት፣ አላስቸግርዎትም ውሃ ቢሰጡኝ» አሉ። እህቱ ውሃውን ቀዳችላቸው። ብርጭቆውን ስታቀብላቸው ፊቷ ላይ ያለውን ላለማየት ፎርማት ቦርሳውን መፍታት ጀመረ።

ሳሎኗ ጠባብ ናት። ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛው አለ፤ ጠረጴዛው ላይ በዕድሜ ብዛት ነጭነቱ ወደ ቢጫነት የሄደው ኮምፒውተር፣ በላዩ እህቱ በኪሮሽ የሠራችለት ልብስ። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው አርባ ምናምን የመስክ ደብተሮች በቁጥር ተሰልፈዋል። ከበሩ ኋላ የቀያሹ ባለ ሦስት እግር የመሣሪያ ማቆሚያ ቆሟል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጃንጥላ ይሰቀልበታል። ቀያሹና እህቱ የተዋወቁት በዚያ ማቆሚያ ሲሠራ ነው። መሥሪያ ቤቱ መዝጋቢ አድርጎ ሜዳ ላካት። እሳቸው በመሣሪያው እያዩ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ እሷ ትጽፍና መልሳ ትጠራዋለች፣ የጠራችው ከጠሩት ከገጠመ «ልክ» ይላሉ፣ ሥራው ይቀጥላል። ከተጋቡም በኋላ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «መዝጋቢ» ነበር የሚሏት። ጡረታ ወጥተው ኮምፒውተሩን ገዝተው የግል ሥራ ሲይዙ ደግሞ ቁጥሩን ከደብተር እያነበቡ ወደ ንድፍ ማውጫው ፕሮግራም ያስገባሉ፤ እሷ ወጥ እያማሰለች ከወጥ ቤት ትመልስላቸዋለች። ጎረቤት አዲስ ሲገባ «እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚጸልዩት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መሥሪያ ቤት ሳሉም ማታ ማታ ደብተሩን የሚያመሳክሩት በዚሁ ጥሪ ስለ ነበር፣ ልጃቸው እንቅልፍ የሚወስዳት በሱ ነበር፤ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ አሻንጉሊቷን ደርድራ ቁጥር እየጠራች «ልክ» ስትል ሰው ሁሉ ይስቅባት ነበር።

አሁን ቤቱ ጭጭ ብሏል። እህቱ ሐሙስ ዕለት ደውላ «የድሮውን መልስለት፤ ሥራ ፈቶ ተክዞ ሞተብኝ» ስትለው ፎርማት ለባሏ ብላ መስሎት ነበር። ዛሬ ግን፣ ጨርቅ ስታጥፍ እጇ እየቆመ፣ ጆሮዋን ወደ ጠረጴዛው እንዳዘነበለች ሲያያት ገባው። ለራሷም ነው። ስሟ የሆነውን ያንን ቃል ከባሏ አፍ ከሰማች ስምንት ወሯ ነው።

«የልጄንም እንዳታጠፋብኝ» አለችው አሁንም። «አስር ሰዓት ላይ ትደውላለች።»

«ሁለቱም ይኖራሉ እትዬ። አንድ ቤት ለሁለት ተከራይ እንደ መክፈል ነው።»

እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ ጠራረገ፣ የደከመውን ማራገቢያ በዘይት ነካካው። ዲስኩ ትንሽ ነው፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ ሆዳም ስለሆነ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶበታል። እሱን ገፋ ገፋ አድርጎ ሩቡን የሚያህል ቦታ እስኪያስለቅቅ ድረስ ረፋዱ አራት ሰዓት አለፈ። ሲስተም ሲደራረብ ደንቡ ታላቁን ማስቀደም ነው። አዲሱ አሮጌውን ያውቀዋል፣ ቦታም ይለቅለታል፤ አሮጌው ግን ሲሠራ አዲሱ ገና አልተወለደምና ከኋላ ከመጣ ቤቱ ባዶ መስሎት በሩን ለብቻው ይይዘዋል። ፎርማት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዛሬ ግን ደንቡን የሚጠብቅበት መንገድ የለውም፤ ታናሹ አስቀድሞ ገብቷል፣ እሱን ነቅሎ እንደገና መትከል ደግሞ የቀኑን ሥራ ሁሉ ይበላል። ስለዚህ የአሮጌውን ሲዲ አጉርሶ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ቀረ የሚለውን ጽሑፍ እያየ ተቀመጠ። ሠላሳ ዘጠኟ ደቂቃ ከሰዓት በላይ ፈጀች። ቀያሹ ሶፋቸው ላይ አንቀላፉ። እህቱ ሻይ አመጣች፣ ስኳሩን ሳትጠይቀው ሦስት ማንኪያ አደረገችለት፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስክሪኑን አብራው አየች።

ተጭኖ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። ቀጥ ብሎ ወደ አሮጌው ገባ። ያ ግራጫ አሞሌ፣ ያ ጥግ ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት ሲመጣ እህቱ ባሏ ከረጅም መንገድ የተመለሰ ይመስል ብድግ አለች። ወዲያው ግን «የልጄስ?» አለች።

«አለ። የትም አልሄደም፤ በሩ ነው የተሸፈነው።»

«የዛሬ ስምንት ወርም ‹አለ፣ የትም አልሄደም› ብለኸኝ ነበር።»

ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትወቅሰው ቆይታ ነበር። ፎርማት ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ሰካ። ፍላሹ ላይ ሦስተኛ ሲስተም አለ፤ ነፃ የሆነ፣ ትንሽ ቦታ የሚበቃው፣ ከሁሉም ጋር የሚስማማ። እሱን ከዲስኩ ጥግ በጠባቧ አስገብቶ በሩን እንዲጠብቅ ሾመው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ሦስት መስመር መጣ። የመጀመሪያውን «የአባት» ብሎ ሰየመው፣ ሁለተኛውን «የልጅ»፣ ሦስተኛውን «የጥገና»። የልጅ የሚለውን ተጭኖ አዲሱ ሲስተም ሲከፈት፣ የጠፋውንም የመደወያ ፕሮግራም መልሶ ጭኖ ካሜራው ሲበራ እህቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ወቀሳዋን ለማካካስ ይመስላል፣ «ጎበዝ» አለችው።

«አንድ ነገር ንገሪኝ እትዬ። ሲበራ አስር ሰከንድ ይቆጥራል። በዚያ ውስጥ ማንም ካልነካው የቱ ይከፈት?»

«ሁለቱም አብረው አይከፈቱም?»

«አይሆንም። አንዱ ሲከፈት አንዱ ይተኛል።»

እህቱ ሶፋው ላይ ያንቀላፉትን ባሏን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ስልክ አየች። ፎርማት ይህን ጥያቄ በሥራው ስንት ሰው ጠይቋል፤ ሁሉም ሳያስቡ ነው የሚመልሱት። እሷ ግን አፏን ከፍታ ዘጋችው።

«እንግዲያ ሰው እስኪመርጥ ይጠብቅ» አለች በመጨረሻ። እሱም ቆጣሪውን አጠፋው።

የንድፍ ማውጫው ፕሮግራም ሲዲ በመሳቢያው ውስጥ፣ በቀያሹ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈት «ዋናው» ተብሎ ተጽፎበት ተገኘ። የአባትን ከፍቶ ጫነው፤ ከስምንት ወር በፊት የገለበጣቸውን ንድፎችም መለሰ። ፕሮግራሙን ሊከፍት ሲጫን ግን የድርጅቱ ዓርማ ብቅ ብሎ ቆመና ከሥሩ አንዲት መስመር ጻፈ። መክፈቻው አልተገኘም። ፎርማት ጉድ ፈላ አለ በሆዱ። ትዝ አለው። ይህ ፕሮግራም እንዲሁ አይከፈትም፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ድሮ የማተሚያ ማሽን ገመድ ይሰካበት በነበረው ሰፊ ቀዳዳ ላይ አውራ ጣት የምታክል ግራጫ ነገር ትሰካለታለች። ያቺ ከሌለች ሲዲውም ንድፉም ዋጋ የላቸውም። ለዓመታት እዚያ ተሰክታ ያያት ነበር። ጀርባውን አዙሮ አየ። ቀዳዳው ባዶ ነው። ጠረጴዛውን ጎተተ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አፈሰሰ፤ የሞቱ ባትሪዎች፣ የተጣመመ ቁልፍ፣ የልጅቷ የአንደኛ ክፍል ፎቶ፤ ሌላ ነገር የለም።

ያኔ ነው ጥፋቱ የታየው። የዛሬ ስምንት ወር፣ ሥራውን ሲጨርስ፣ የተበጣጠሰ ገመድና የተሰበረ ማውስ ከአቧራው ጋር ጠራርጎ በላስቲክ ከትቶ ሲወርድ ምድር ቤት ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጥሎት ነበር። ላስቲኩ ውስጥ ምን እንደ ነበር አልመረጠም። ያንን ዕቃ የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ዘመኑን ቆጥሯል፤ ምትኩ በገንዘብ የሚገኝ አይደለም።

«እትዬ» አለ፣ ወለሉ ላይ እንደ ተንበረከከ። «የምትሰካዋን ነገር… እኔ ሳልጥላት አልቀርም። ያን ጊዜ። ከቆሻሻው ጋር።»

እህቱ ማጠፉን አላቆመችም። የሸሚዙን እጅጌዎች ገጠመች፣ ሁለቴ አጠፈችው፣ ክምሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ሌላ አነሣች። ብትሰድበው፣ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ከፈተች፣ ውሃው ሲወርድ ብዙ ቆየ፤ ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። «ምሳ ቀርቧል» አለች።

ሾርባውን ሦስቱም ጠጡ። ዳቦው የትናንት ነበር። ቀያሹ በግራ እጃቸው ማንኪያውን ይዘው፣ ቀኙን ከኪሳቸው ላይ ሳያነሱ በሉ፤ ሾርባ ጠብ ሲልባቸው እህቱ በናፕኪን ጠረገችላቸው፣ እሳቸውም «ተባረኪ» ሊሉ ነው ብላ ቀና ስትል «ይባረኩ» አሏት። ፎርማት ማንኪያውን አስቀመጠ። ለማንም የማይጠቅም ብዙ ነገር እያስታወሰ እንዲህ ያለችውን አንዲት ዕቃ ባለማስታወሱ ራሱን ጠላው። ዕድሜ ልኩን የሰው ኮምፒውተር ሲያጠፋና ሲጭን፣ ከውስጡ ምን ምን እንደ ሄደ አንድም ቀን መለስ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ቀያሹ አመስግነው ተነሡ። ከምግብ በኋላ እስከ መስኮቱ መሄድ ልማዳቸው ነው። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ስክሪኑ ላይ ዓርማው፣ ከሥሩም ያቺ መስመር አሁንም አለች። መነፅራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ጎንበስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ፊታቸው ላይ ፎርማት ረስቶት የነበረ ነገር መጣ፤ ተራ የሥራ ቁጣ፣ ሠራተኛው ያረፈደበት አለቃ ፊት።

«ምነው ዝም ብላችሁ ታዩታላችሁ?» አሉ።

ቀኝ እጃቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ገባ። አሮጌዋን መሐረብ አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አራቱን ጫፏን አንድ በአንድ ገለጡ። ውስጧ ያቺ ግራጫ ነገር ነበረች። ፎርማት ላግዝዎ ብሎ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አላዩትም። ከኮምፒውተሩ ኋላ ጎንበስ ብለው፣ ቀዳዳውን በጣታቸው ዳብሰው አግኝተው ሰኩት፣ ሁለቱን ትናንሽ ብሎኖች በጥፍራቸው ግራና ቀኝ አጠበቁ። «ሥራ ሲያበቃ መሣሪያ ተነቅሎ ባለቤቱ ጋ ያድራል» አሉ ቀና ሲሉ። «ስንቴ ተናገርኩ?»

ለካስ የነቀሉት ራሳቸው ናቸው። የዛሬ ስምንት ወር ፎርማት ኮምፒውተሩን ሊከፍት እንደሚመጣ በሰሙባት ማታ፣ ሥራው ለጊዜው ቆመ ብለው ነቅለው አስቀመጧት። የልጃቸውን መልክ፣ የሚስታቸውን ስም፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሲረሱ ይህችን ግን ማታ ማታ ትራሳቸው ሥር እያስተኙ ጠበቋት፤ እህቱም መሐረቧን አንድም ቀን ገልጣ አላየችም። ፎርማት ወደ እህቱ ዞረ። አፏን በጨርቅ ይዛ ቆማለች።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። ቀያሹ ወንበራቸውን ሳቡ፣ ከመደርደሪያው ሳያመነቱ አሥራ ሰባተኛውን ደብተር መዘዙ፣ አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። የየትኛው ቦታ ልኬት እንደሆነ፣ ሥራው ከስንት ዓመት በፊት እንዳለቀ ፎርማት አላወቀም፤ መጠየቅም አልፈለገም።

«ነጥብ አንድ» አሉ ጮክ ብለው። «ሃያ ሰባት ነጥብ ስልሳ ሁለት።»

ጣታቸው ከቁልፎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀ። እህቱ ልትመልስ ሞክራ ድምፅ አጣች።

«መዝጋቢ!» አሉ ቀያሹ፣ ሳይዞሩ። «አልሰማሁሽም።»

«ሃያ… ሃያ ሰባት ነጥብ ስልሳ ሁለት» አለች እህቱ።

«ልክ።»

ከዚያ ሥራው ሄደ። እሷ ወጥ ቤት ገባች፤ የሚሠራ ነገር አልነበራትም፣ የታጠበውን ድስት እንደገና ታጥብ ነበር፤ ግን ቁጥሩን ድሮ ትመልስ የነበረው ከዚያ ስለሆነ ከዚያው መመለስ ፈለገች። አንድ ጊዜ ተሳስታ ስድስትን ዘጠኝ ስትል «ቀልብሽ የት ነው ያለው?» ብለው ተቆጧት። ፎርማት በወጥ ቤቱ በር ሲያያት፣ እንዲያ ተቆጥተዋት እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ ሰበሰበ። መሄድ ይችል ነበር፤ እግሩ እምቢ አለው።

ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ከዚያ ለአስር ሩብ ጉዳይ። እህቱ እጇን እየጠራረገች ወጥታ ከባሏ ኋላ ቆመች። ልጅቷን ለማየት ኮምፒውተሩ መጥፋት አለበት፤ የአባት ተዘግቶ የልጅ መከፈት አለበት። የእህቱ ስልክ ድምፅ እንጂ መልክ የሚያመጣ አይደለም፤ የፎርማትም ስልክ ካሜራው ከተሰበረ ቆይቷል። ልጅቷ ደግሞ ከሥራ በፍጥነት ወጥታ፣ ፊቷን ተቀባብታ፣ ያቺን አንድ ሰዓት ትጠብቃለች። አባቷ ካሜራው ፊት ሲቀርቡ «እንደምን ዋሉ እመቤት» ብለዋት ተነሥተው እንደሚሄዱ ታውቃለች፤ እሱንም ቢሆን ማየት ትፈልጋለች።

«ላስነሣቸው?» አለ ፎርማት በሹክሹክታ።

እህቱ እጇን ወደ ባሏ ትከሻ ዘረጋች። ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«አርባ አራት ነጥብ አሥራ ዘጠኝ» አሉ ቀያሹ።

«አርባ አራት ነጥብ አሥራ ዘጠኝ» አለች፤ እጇንም መለሰች። «ተወው።»

አስር ሰዓት አለፈ። አስር ከአምስት ላይ ስልኩ ጠራ። እህቱ እንደ ልማዷ ድምፁን ለቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የልጅቷ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«እማዬ? ምነው አልከፈታችሁም? እየጠበቅኩ እኮ ነው። አጎቴ አልመጣም እንዴ? አሁንም አባዬ አበላሸው?»

«አላበላሸውም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? አታስጨንቂኝ እንጂ እማዬ።»

«አባትሽ» አለች እህቱ፣ ቃሉን ቀስ ብላ፣ ጣፋጭ ነገር አፏ ውስጥ እንዳለ ሰው፤ «አባትሽ ሥራ ላይ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ ከተማው የመኪና ጥሩንባ ጮኸና ጠፋ። ቀያሹ ገጹን ገለጡ።

«ሠላሳ አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት።»

እህቱ ልትመልስ ስትል ስልኩ ቀደማት። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አወራረዱ የእናቲቱ ነው፤ ያ ሜዳ ላይ በነፋስ መካከል እንዲሰማ ተደርጎ የተለመደ አጠራር።

«ሠላሳ አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት።»

የቀያሹ ጣት አየር ላይ ቆየ። 

«ልክ» አሉና ቁልፉን ተጫኑ። «አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሰባ።»

«አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሰባ።»

«ልክ።»

እንዲህ እየተቀባበሉ ስድስት ሰባት ቁጥር ሄዱ። እህቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አንዱንም አልመለሰችም፣ ሁሉንም ለልጇ ተወችላት። ገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ቀያሹ መነፅራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ወለወሉና ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው አዞሩ።

«መዝጋቢ፣ ይቺ አዲሷ ልጅ ጎበዝ ናት። አትንተባተብም። የማን ልጅ ናት?»

እህቱ ወደ ስልኩ አየች። ከስልኩ ውስጥ የሚሰማው አፍን በእጅ ይዞ የሚወጣ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«የኛው ናት» አለች። «የቤት ልጅ ናት።»

«ጥሩ። ትቆይልን እንግዲህ።» መነፅራቸውን አደረጉ፤ ቀጣዩን ገጽ ገለጡ፤ ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፈው ጠበቁ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋን አጸዳች። «በይ ንገሪው። ዝግጁ ነኝ፤ ቀጣዩን ይጥራ።»